ትምህርት ቤት የሞላበት ሰፈር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ማን ተማረ?

በአዲስ አበባ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣው መንገድ በእግር ቢሄዱት ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ የሚወስድ አጭር መንገድ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ ግራና ቀኝ እንዲሁም በዙሪያው የሰፈሩትን የትምህርት ተቋማት ያህል በአንድ ሰፈር ተሰብስበው የሚገኙበት ሌላ ቦታ በአገሪቱ አለ ለማለት ያስቸግራል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ፣ ከፍ ሲሉ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ በሚያቀናው አቅጣጫ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ይገኛሉ። ስለ እነዚህ ተቋማት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ከእነርሱ ወጥተው ሚኒስትር፣ ጄኔራል ወይም ሐኪም የሆኑት ሰዎች ጉዳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሌላ ጉዳይ ነው። ከአጥሩ ውጭ ባሉት መንደሮች፣ በግንፍሌና በቀበና ወንዞች ዳርቻ፣ በባሻ ወልዴ ችሎትና በአካባቢው የኖረው ሕዝብ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን አገኘ? የሰፈሩ ልጅ በየዘመኑ ወደ ትምህርት ገበታ የገባው በምን መስፈርት ነበር? በእኔ እምነት በዚህ ሰፈር በትውልዶች መካከል ከሁሉ በላይ የተለወጠው ይኸው የመግቢያ መስፈርት ሲሆን፣ የመጻሕፍቱም ሆነ የማስተማሪያ ቋንቋው ለውጥ ከዚያ ቀጥሎ የሚታይ ነው።

ከየኔታ ደጅ እስከ ቤተ መንግሥት ትምህርት ቤት

ከሁሉ የቀደመው የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ነው። በቤተ መንግሥቱ አካባቢና በእንጦጦ አድባራት ሥር የኔታ ከዛፍ ጥላ ወይም ከደጀ ሰላሙ ጥግ ተቀምጠው ሕፃናቱን በዙሪያቸው ይሰበስባሉ፤ ልጁ በስንጥር እየጠቆመ ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳን ያጠናል፣ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ ይሻገራል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይደግማል። ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው የሚያስመርቁት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ዜማና ቅኔ የሚቀጥለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ለዚህ ትምህርት የሚጠየቀው መስፈርት ቀላል ነበር፤ አባት ልጁን ከሥራ ማስቀረት ከቻለ እና ለየኔታ ጥቂት ነገር ማቅረብ ካላቃተው ልጁ ይቀመጣል። በተግባር ግን ሴት ልጅ ከዚህ ክበብ ባመዛኙ ውጭ ነበረች፣ የሙስሊሙም ልጅ ትምህርት በቁርዓን ቤት የሚሰጥ ነበር። ቄስ ትምህርት ቤት ከዚያ በኋላም አልጠፋም። ዘመናዊ ትምህርት ቤት በተስፋፋበት ዘመን ሁሉ የሰፈሩ ልጅ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ፊደል የሚለይበት ቦታ ሆኖ ስለቀጠለ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የድሃው ሕዝብ መዋዕለ ሕፃናት እርሱ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን መስፈርቱ ተቀየረ። ዐፄ ምኒልክ ዘመናዊውን ትምህርት ለማስጀመር የካህናቱን ተቃውሞ ማብረድ ስለነበረባቸው፣ መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች (የግብፅ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች) እንዲሆኑ ተደረገ፤ የሃይማኖቱ አንድነት ሥጋቱን ያለዝባል ተብሎ ነበር። በትምህርት ቤቱ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ከአማርኛ ጋር ይሰጡ ነበር። ተማሪዎቹ ግን በአብዛኛው የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ልጆች ሲሆኑ፣ ልጅ ኢያሱና በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሆኑት ደጃዝማች ተፈሪ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። በአካባቢው እንጨት ሲያመላልስ ወይም ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ልጅ ትምህርት ቤቱን የሚያውቀው ከውጭ ነበር።

በ1917 ዓ.ም. በአልጋ ወራሹ ስም የተሰየመው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የበላይ ኃላፊነቱም በእንግሊዞች እጅ አድገው በሕንድ ሕክምና ለተማሩት ለሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ተሰጠ። ይህ ትምህርት ቤት ከምኒልክ በተሻለ መጠን ከመኳንንቱ ቤት ውጭ ለተወለዱ ልጆችም ዕድል ሰጥቷል። ነገር ግን በጌታው በኩል ደጅ የጠና ልጅ ከማንም ቀድሞ ይገባ ነበር፤ ብዙዎቹም ከጠቅላይ ግዛት መጥተው በአዳሪነት የሚቀመጡ ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. የተቋቋመው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ደግሞ ለልጃገረዶች የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት በመሆኑ፣ ቢያንስ በሐሳብ ደረጃ የሴት ልጅ ቦታ የት ነው የሚለውን ጥያቄ በዚህ መንገድ ዳር አደባባይ አወጣው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጣሊያን የወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ተፈሪ መኮንን ለአውሮፓውያን ልጆች ብቻ የተከለለ ትምህርት ቤት፣ እቴጌ መነን ደግሞ ወታደራዊ ሆስፒታል ሆኑ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ የሰፈሩ ነዋሪና በውጭ አገርና በአገር ውስጥ የተማረው ወጣት ትውልድ አብረው ተጨፈጨፉ። በነጻነት ማግሥት ማስተማር የሚችል ሰው ለማግኘት ያን ያህል ችግር የገጠመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጆሮን መንካትና ሚኒስትሪን ማለፍ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ያሉት ሠላሳ ዓመታት ለሰፈሩ ልጅ ከሁሉ የላቀው ዕድል የተከፈተባቸው ዓመታት ነበሩ ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። መንግሥት ሹማምንትና ጸሐፊ፣ መምህርና መሐንዲስ በአስቸኳይ ያስፈልገው ስለነበር ትምህርቱ ያለክፍያ ነበር፤ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ምግብ፣ ልብስና መኝታ ጭምር ይሰጥ ነበር። ተፈሪ መኮንን በ1930ዎቹ መጨረሻ ከካናዳ ለመጡ የኢየሱሳውያን መነኮሳት አስተዳደር የተሰጠ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የነበሩት ዶክተር ሉሲየን ማት በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ። እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ ያለው መሰላል ሙሉ ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ልጅን ለአንደኛ ክፍል ማስመዝገብ እንዴት ይከናወን እንደነበር ከአንድ ትውልድ በላይ በአንድ ዓይነት ቃል ይተርከዋል። የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ልጅ እምብዛም ስለማይገኝ፣ መዝጋቢው ልጁን ከፊቱ አቁሞ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ የግራ ጆሮውን እንዲነካ ያዘዋል። ጣቱ ጆሮው ጋ ከደረሰ ዕድሜው ደርሷል ተብሎ ይመዘገባል፤ ካልደረሰ «ለከርሞ ይምጣ» ይባላል። ትንንሾቹ ልጆች ቤታቸው አንገታቸውን እያዘነበሉ ይለማመዱት እንደነበር፣ አንዳንዱም በዚሁ ዘዴ ዕድሜው ሳይደርስ እንደገባ በየቤቱ የሚነገር ነው። መለኪያው ትክክለኛ አልነበረም፤ ቀጭኑን ልጅ ይጠቅማል፣ ደንዳናውን ይጎዳል። ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም።

የማን ልጅነት ጥያቄ በኋላ የመጣው በሌላ መልክ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ሚኒስትሪ ተብሎ የሚታወቀው ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ደግሞ ማትሪክ። ሰፈሩ ውስጥ ጋዜጣ የሚገባበት ቤት ልጅና እናቱ ጠላ የምትጠምቅበት ቤት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ቢቀመጡም፣ ወደ ፈተናው ሲደርሱ ልዩነቱ ይታይ ነበር። ከሁሉ የከበደው እንግሊዝኛው ነው። አዳሪው ከምግብ ቤት እስከ መጫወቻ ሜዳ ቋንቋውን ሲሰማ ይውላል፣ ተመላላሹ ግን ከትምህርት ቤቱ ግቢ እንደወጣ የሚሰማው አማርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ጉራግኛ ነው። እንደዚያም ሆኖ ከዚህ ሰፈር በተመላላሽነት ተምረው ማትሪክ ያለፉ፣ ከቤታቸው እየተነሡ በእግራቸው አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች መኖራቸው በወላጆች ዘንድ ከማንኛውም የመንግሥት ማስታወቂያ የበለጠ ለትምህርት የቀሰቀሰ ነገር ነበር። በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሲሰጥ፣ የሰፈሩ ሕዝብ ከውጭ ሲያየው የኖረው ግቢ የልጁ መማሪያ ሊሆን እንደሚችል ተገነዘበ።

የምርጫው ሥርዓት ግን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሰፈሩን እየተወ ይሄድ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የነበረው የበእደ ማርያም ላብራቶሪ ትምህርት ቤት ከመላው አገሪቱ የላቀ ውጤት ያመጡ ተማሪዎችን ይሰበስብ ስለነበር፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ልጅ ከጎጃም ወይም ከሐረርጌ ከመጣው ጋር ተወዳድሮ ነበር የሚገባው። ይህንን እንደ በደል አላየውም፤ ብሔራዊ ተቋም ብሔራዊ መሆኑ ተገቢ ነው። ሆኖም በሰፈሩ መሐል መቀመጡ ሰፈሩን አስተማረ ማለት እንዳልሆነ ያሳያል።

የተማሪዎቹ ንቅናቄ በዚሁ መንገድ ላይ መካሄዱ ለሰፈሩ ልጆች ሌላ ዓይነት ትምህርት ነበር። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ከዩኒቨርሲቲው ሲወጣ፣ በ1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ስድስት ኪሎ አካባቢ በጥይት ሲገደል፣ በአቅራቢያው ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቅርብ ነበሩ። ወላጆች ልጃቸው ትምህርት ቤት ደርሶ እስኪመለስ ድረስ መስጋት የጀመሩት ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሲሆን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ሥጋቱን ከሚጠበቀው በላይ እውነት አደረገው። የተማረ ልጅ የቤተሰብ ኩራት የነበረበት ጊዜ፣ የተማረ ልጅ የቤተሰብ ጭንቀት ወደሆነበት ጊዜ ለመለወጥ የወሰደው ዐሥር ዓመት አይሞላም።

ቀበሌው

ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን አብዛኞቹን ወርሶ ሕዝባዊ አደረገ፤ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ስለላከ፣ የመንገዱ ትልልቅ ግቢዎች ለጊዜው ከትልልቆቹ ልጆች ባዶ ሆኑ። እቴጌ መነን ስሙ የካቲት 12፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ እንጦጦ ተባለ። የስሙ ለውጥ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዋናው ነገር አይደለም። የመግቢያ መስፈርቱ አድራሻ መሆኑ ነው ዋናው፤ ልጅ የሚመዘገበው በሚኖርበት ቀበሌ አቅራቢያ በሚገኝ ትምህርት ቤት ሆነ፣ ቀበሌውም መዋዕለ ሕፃናት ከፈተ። በዚህ መንገድ ላይ ባሉ መንደሮች መኖር ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ለመማር በቂ ምክንያት ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ግን በዚያ ዘመን የሰፈሩን ቤቶች ይበልጥ የነካው በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይመስለኛል። በአገር ደረጃ ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሸልሞታል። በሰፈር ደረጃ የሆነው ግን ይህ ነው፦ ልጆቻቸውን ሚኒስትሪ ያስፈተኑ፣ ነገር ግን ለራሳቸው ደብዳቤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች በቀበሌው አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። አስተማሪያቸው ብዙ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ቀን «እማማ» እያለ የሚጠራቸው ልጅ ማታ ጠመኔ ይዞ ፊታቸው ይቆማል። እርማት ሲሰጥ ማፈሩ፣ እነርሱም እንደ ተማሪ መሳቃቸው በብዙ ቤት ይወራል። ከእነዚህ እናቶች መካከል ያነበቡትን ቶሎ የረሱት ብዙዎች ናቸው፤ ስማቸውን መጻፍ፣ የአውቶቡስ ቁጥር መለየት፣ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ቀኑን ማየት የቀረላቸው ግን ጥቂት አይደሉም። ለልጆቻቸው ያመጣው ለውጥ ከዚያ የበለጠ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም የቤት ሥራ ተሠርቶ ይሁን አይሁን ደብተሩን ገልጣ የምትጠይቅ እናት በዚህ ሰፈር በብዛት የታየችው ከዚያ በኋላ ነው።

ዋጋውም ነበረው። ሁሉም ሲመዘገብ ክፍሎቹ ተጨናነቁ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ሆነ፣ አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ተዳረሰ። የጠዋት ፈረቃ ያለው ልጅ ከሰዓት፣ የከሰዓት ፈረቃ ያለው ደግሞ ጠዋት በመንደሩ ውስጥ ይውላል። የደርግ ዘመን የሰፈሩን ልጅ በሙሉ ወደ ትምህርት ቤት አስገባ፤ ያስተማረው ግን ግማሽ ቀን ነው።

ክፍያና ቴሌቪዥን

በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ብዙ ነገር ለውጧል። የክፍል አደረጃጀቱ ከ6-2-4 (ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መለስተኛ፣ አራት ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ) ወደ 8-2-2 ተዛወረ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና መጣ፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆን ተደነገገ፣ ለግል ትምህርት ቤትም በሩ ተከፈተ። በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ የነበሩ የመኖሪያ ግቢዎች አንድ በአንድ መዋዕለ ሕፃናትና የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኑ፤ ሳሎኑ የክፍል አንድ፣ ሰርቪስ ቤቱ የክፍል ሁለት መማሪያ ሆነ። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ መሰጠቱ ወላጅን ሳበ። አቅም ያለው ወላጅ፣ አቅሙ በከባድ የሚገፋውም ጭምር፣ ልጁን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አወጣ። በየዓመቱ ክረምት መግቢያ ላይ በክፍያ ጭማሪ ምክንያት በወላጆችና በትምህርት ቤቶች መካከል የሚነሣው ንትርክ አሁን የአዲስ አበባ የትምህርት ዘመን አንድ ክፍል ሆኗል።

ከዚህ የተነሣ በአንድ ግቢ በአንድ አጥር ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ልጆች፣ አንዱ በሰርቪስ መኪና፣ ሌላው በእግሩ፣ ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። በንጉሡ ዘመን የጠላ ነጋዴዋና የጸሐፊው ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጡ፣ ልዩነታቸው ፈተና ላይ ሲታይ ቢያንስ መምህሩ ያየው ነበር፤ አሁን ማንም የሚያወዳድረው የለም።

በመንግሥት ትምህርት ቤት የቀረው ልጅ በ1997 ዓ.ም. አካባቢ «ፕላዝማ» የሚባለውን አገኘ። ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚተላለፈው ትምህርት በየክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ይታይ ነበር፤ መምህሩ ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠው ነበር። ፕሮግራሙ በሌላ ቦታ የተዘጋጀ፣ በፈጣን እንግሊዝኛ የሚነገር ሲሆን፣ ተማሪው ሳይጽፍ ምስሉ ያልፍ ነበር፤ ጥያቄ ያለው ልጅ የሚያቋርጠው ሰው አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ባክኖ ይቀር ነበር። የታሰበው ለሁሉም አንድ ዓይነት ትምህርት ለማዳረስ ነበር፣ ሐሳቡም መጥፎ አልነበረም። መምህሩን ከተማሪው እኩል ተመልካች ማድረጉ ግን ትልቅ ጥፋት ነበር፤ በተለይ ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ልጅ።

ሰፈሩ ሲነሣ

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የሆነው ለውጥ ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው መንደሩ ራሱ መነሣቱ ነው። ባሻ ወልዴ ችሎት ፈርሶ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ተበተነ፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአራት ኪሎ ዙሪያ ያሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ትምህርት ቤቶቹ ግን ከቦታቸው አልተነሡም። ስለዚህ በደርግ ዘመን የተገኘው የአድራሻ መብት ትርጉሙን አጣ፤ ሰፈሩ ለትምህርት ቤት ቅርብ የነበረው ልጅ አሁን ማለዳ ተነሥቶ ከከተማው ዳርቻ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ወይም በአዲሱ መኖሪያው አጠገብ ገና በመደራጀት ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ይዛወራል።

ወላጆች በዚህ ጉዳይ የሚሰጡት ምክንያት በቁም ነገር ሊሰማ የሚገባው ነው። ልጁን በነባሩ ትምህርት ቤት ያቆየ ወላጅ መምህሩን፣ የልጁን ጓደኞች፣ ከአጥሩ ፊት ለፊት ያለውን የባለ ሱቅ ዓይን ጭምር ያምናል፤ የትራንስፖርቱን ወጪና የእንቅልፍ ማጣቱን የሚችለው ለዚያ ነው። ያዛወረው ደግሞ ልጁ በቅርቡ ተምሮ በጊዜ እንዲገባ ይመርጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከቦታ ዝውውሩ በፊት የልጆቹ ትምህርት ጉዳይ ከቤቱ ምደባ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢታይ ኖሮ ግን ብዙው ምርጫ ለወላጁ ብቻ ባልተተወ ነበር።

በሌላ በኩል፣ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም በነጻ ማቅረብ፣ ምገባም ማስፋፋት መጀመሩ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ለድሃው ቤተሰብ ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ የበለጠ ውጤታማው ነው። ቁርስ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዴስኩ ላይ እንደሚተኛ ማንኛውም የመጀመሪያ ደረጃ መምህር ይመሰክራል፤ ልጁ በልቶ ሲማር የሚመጣውን ልዩነት ለማየት ጥናት አያስፈልገውም።

ፈተናው ግን ሌላ ነገር ገለጠ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በመጀመሪያው ዙር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በቀጣዩ 3.2 በመቶ፣ ከዚያም 5.4 በመቶ ብቻ መሆናቸው በአገር ደረጃ ታወቀ። ይህ ውጤት የሰፈሩ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን ለዐሥራ ሁለት ዓመት ከክፍል ወደ ክፍል ሲዘዋወር የነበረ ልጅ ምን እንደቀሰመ ለወላጁ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ የተነገረው በዚህ ነው። በዚያው ዘመን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክፍሎቹን ወደ 6-2-4 መለሳቸው፤ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተና አያቶች በሚያውቁት ቅደም ተከተል ተመለሰ።

ወደ ግቢዎቹ የመግባቱም ነገር እንዲሁ ነው። የካቲት 12 የቀድሞ ስሙን አስመልሶ እቴጌ መነን የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ ልጃገረዶቹ በውጤታቸው ተመርጠው ይገባሉ፣ ከሰፈሩ መሆን ወይም አለመሆን አይጠየቅም። እንጦጦ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ሆኗል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝነት ሥልጣን ሲሰጠው ተማሪዎቹን በራሱ መግቢያ ፈተና የመምረጥ መብት አገኘ፤ ክፍያም ከዚያ ጋር መጥቷል። ለሰፈሩ ተራ ልጅ፣ በውጤቱ መካከለኛ ለሆነውና ወላጁ ለግል ትምህርት ቤት ለማይከፍልለት፣ ያለ ውድድር የቀሩት የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ናቸው። የመምህራኑ ብዛትና ብቃት፣ የክፍሎቹ መጠን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሁኔታ በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚመስል በየዓመቱ በይፋ ቢገለጽ፣ በዚህ መንገድ ላይ ስላሉት ትልልቅ ስሞች ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ለነዋሪው የሚጠቅመው መረጃ እርሱ ነው።